በሜይንፍሬም ላይ የፕሮሰሰር ጊዜን ለኤልፓሮች እንዴት እናካፍላለን?

በቆቦ ጊራና በተራ ውሃ ያጠጣ ሰው የዚህን ጉዳይ ግማሹን ያውቀዋል። የውሃ አባቱ ለየማሳው ድርሻ ይመድባል። ባለተራው ካልፈለገው ውሃው ቆሞ አይጠብቀውም፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ይለቀቃል። ድርሻው ሕግ ሆኖ የሚወጣው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈልጉ ነው። ሜይንፍሬም (የብዙ ሰው ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሸከም ትልቅ ኮምፒውተር) ውስጥ ያለው የውሃ አባት ፒአር/ኤስኤም ይባላል፤ ሠራተኛው ግን «ፕሪዝም» እያለ ነው የሚጠራው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ለ3090 ማሽኖቹ አውጥቶት ከዚያ ወዲህ አብሯቸው ኖሯል። አንዱን ማሽን ኤልፓር ወደሚባሉ ክፍሎች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ኤልፓር የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስነሳል፣ የጎረቤቱንም ማስታወሻ (ሚሞሪ) አያይም። እንደ ዚ16 ያለ ትልቅ ማሽን እስከ 85 ኤልፓር ይይዛል። ማስታወሻው ለየኤልፓሩ ተለይቶ ይሰጣል፤ የጋራ የሚሆነውና የሚያጣላው ፕሮሰሰሩ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ተምረው ከርቀት ሜይንፍሬም ላይ መሥራት ለጀመሩ፣ ወይም ከፕሮግራም ጽሑፍ ወደ ሲስተም ሥራ መሻገር ለሚፈልጉ ነው። ማሽኑ ያለው ባሕር ማዶ ይሁን እንጂ ስሌቱ በወረቀትና በካልኩሌተር ሐይቅ ዳር ተቀምጦም ይሠራል።

1. የሚካፈለውን ቁጠሩ

ክብደት ከመመደባችሁ በፊት ስንት ፕሮሰሰር ለጋራ እንደቀረበ ማወቅ አለባችሁ። ፕሮሰሰሮቹ በየዓይነታቸው የተለያየ ጎተራ ውስጥ ናቸው፦ አጠቃላይ ሥራ የሚሠራው ሲፒ፣ የጃቫና መሰል ሥራ የሚላክበት ዚፕ፣ ሊኑክስ የሚሮጥበት አይኤፍኤል፣ ለካፕሊንግ ፋሲሊቲ (ሲስተሞች የሚጋሩትን መረጃ ለሚይዘው ክፍል) የሚሆነው አይሲኤፍ። ክብደት ለየዓይነቱ ለብቻው ይሰጣል። ይህን መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። የኤልፓሩን የሲፒ ክብደት ከፍ አድርጎ የዚፑን እንዳለ የተወ ሰው፣ ዚፕ ላይ ያልደረሰው ሥራ ተመልሶ ሲፒ ላይ ሲፈስ ያያል። የሶፍትዌር ክፍያ በአብዛኛው የሚሰላው በሲፒ ፍጆታ ስለሆነ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚታየው ክፍያው ላይ ነው።

ለአንድ ኤልፓር ብቻ የተለየ ፕሮሰሰር ካለ ከጋራው ላይ ቀንሱት። 10 ሲፒ ባለው ማሽን 2ቱ የተለዩ ከሆኑ የሚካፈሉት 8 ናቸው። የተለየው ፕሮሰሰር ባለቤቱ ሥራ ቢፈታም ለማንም አይዋስም። ስለዚህ ጠንካራ ምክንያት ሳይኖር አትለዩ።

2. ክብደቱን መድቡ

ክብደት ከ1 እስከ 999 ያለ ቁጥር ነው። ለብቻው ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚያገኘው ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦

ድርሻ = የኤልፓሩ ክብደት ÷ የሥራ ላይ ኤልፓሮች ክብደት ድምር × የጋራ ፕሮሰሰሮች ብዛት

ድምሩን 1000 ላይ ብታቆሙት እያንዳንዱ ነጥብ ከመቶ አንድ አሥረኛ ይሆንላችኋልና ስሌቱ በጭንቅላት ይያዛል። ፕሪዝም ድምሩ 1000 ይሁን አይሁን ደንታ የለውም። ጥቅሙ ሌሊት ስልክ ተደውሎ ለሚቀሰቀሰው ሰው ነው።

ከዚህ በታች የምንጠቀምበት ምሳሌ 8 የጋራ ሲፒ ያለው ማሽን ነው። ኤልፓሮቹን በአገራችን ስም ጠራናቸው፤ ማሽኑ ላይ ግን ስሙ በላቲን ፊደል፣ ቢበዛ 8 ሆሄ ነው።

ደሴ (ዋናው ሥራ)፦ ክብደት 550፣ ድርሻ 4.4 ሲፒ
ኮምቦልቻ (ሁለተኛው ሥራ)፦ ክብደት 250፣ ድርሻ 2 ሲፒ
ሐይቅ (ሙከራ)፦ ክብደት 120፣ ድርሻ 0.96 ሲፒ
መርሳ (የፕሮግራም ጽሑፍ)፦ ክብደት 80፣ ድርሻ 0.64 ሲፒ

ድርሻ ገደብ አይደለም። ሌሎቹ ተኝተው ከሆነ መርሳ ሎጂካል ፕሮሰሰሩ (ተራ ቁጥር 3 ላይ እናየዋለን) እስከፈቀደለት ድረስ ከ0.64 በላይ ይወስዳል። ሽሚያ ሲመጣ ግን ወደ 0.64 ይመለሳል። ብዙ የተጠቃሚ እሮሮ የሚነሳው ከዚህ ነው። ፕሮግራመሮቹ ቅዳሜ ጸጥታ ላይ በ10 ደቂቃ ያለቀው ሥራ ሰኞ ጠዋት 40 ደቂቃ ሲፈጅ «ማሽኑ ተበላሸ» ይላሉ። አልተበላሸም፤ ቅዳሜ የሰው ውሃ እየጠጡ ነበር።

በቀመሩ ውስጥ «የሥራ ላይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሐይቅ ቢጠፋ ድምሩ 880 ይሆንና የደሴ ድርሻ ማንም ምንም ሳይነካ ወደ 5 ከፍ ይላል። በተቃራኒው አንድ ሰው 250 ክብደት ያለው አዲስ ኤልፓር ቢያስነሳ ድምሩ 1250 ይሆናል፣ ደሴም ከ4.4 ወደ 3.52 ይወርዳል። በደሴ ክብደት ላይ የተጻፈው 550 አልተለወጠም፤ የገባው ግን አንድ ሲፒ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ አዲስ ኤልፓር ሲነሳ ለነባሮቹ ባለቤቶች ቀድሞ ይነገራቸው።

3. ሎጂካል ፕሮሰሰሩን ለድርሻው ለኩ

ከሁሉም በላይ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሎጂካል ፕሮሰሰር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ፕሮሰሰር አለኝ» ብሎ የሚያየው ነገር ነው። እውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ የሚቀመጠው ፕሪዝም ተራ ሲሰጠው ብቻ ነው። የአንዱ ተራ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ12.5 እስከ 25 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሎጂካሉ ሥራ ካጣ ተራውን ሳይጨርስ ይለቃል።

ድርሻው ለሎጂካሎቹ ይከፋፈላል። ደሴ 6 ሎጂካል ቢኖረው 4.4 ÷ 6፣ ማለት እያንዳንዱ የአንድ እውነተኛ ፕሮሰሰር 73 ከመቶ ያገኛል። ጥሩ ነው። መርሳ 2 ቢኖረው 0.64 ÷ 2 = 32 ከመቶ ነው። ጥብቅ ቢሆንም ያስኬዳል። አሁን «ይፍጠንላቸው» ብላችሁ ለመርሳ 8 ሎጂካል ስጡት፦ 0.64 ÷ 8 = 8 ከመቶ። ለትንሽ ውሃ ስምንት ቦይ ከተከፈተ ውሃው ማሳው ሳይደርስ ቦይ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ እዚህም የሚሆነው ያው ነው። ዚ/ኦኤስ (የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) 8 ፕሮሰሰር አለኝ ብሎ 8 ሥራ ያስነሳል። ከነዚያ አንዱ የጋራ ቁልፍ (ሎክ) እንደያዘ ተራው ያልቅበታል፤ ሎጂካሉ እስኪመለስ ድረስ ቁልፉን የሚጠብቁት ሁሉ ባዶ ይሽከረከራሉ። ይህ የሚሆነው ሽሚያ ባለበት ሰዓት ነው፤ ጸጥታ ላይ ስትፈትኑት አይታይም።

ስለዚህ ለየኤልፓሩ ድርሻውን ወደ ላይ አጠጋግታችሁ፣ ለድንገተኛ ጭነት አንድ ወይም ሁለት ጨምሩ። በምሳሌያችን ደሴ 6፣ ኮምቦልቻ 4፣ ሐይቅ 2፣ መርሳ 2 ብንሰጥ ጠቅላላው 14 ይሆናል። ለ8 እውነተኛ ፕሮሰሰር ሲካፈል 1.75 ነው። ከ2 በላይ ሲሄድ እኛ መጠየቅ እንጀምራለን፤ ሕግ ሳይሆን የልምድ መስመር ነው። የሎጂካል ቁጥር ራሱም ገደብ መሆኑን አትርሱ፦ ሐይቅ ማሽኑ ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ከ2 ሲፒ በላይ አይወስድም።

4. ሃይፐርዲስፓችን ተረዱት፣ ከዚያ ተጠቀሙበት

እ.ኤ.አ. በ2008 ከዚ10 ማሽን ጋር የመጣው ሃይፐርዲስፓች ከላይ ያለውን እኩል ክፍፍል ይለውጠዋል። ድርሻውን ለሁሉም ሎጂካል በትንሽ በትንሹ ከመበተን ይልቅ በጥቂቶቹ ላይ ይከምረዋል። ሥራው ወደ አንድ እውነተኛ ፕሮሰሰር ደጋግሞ ስለሚመለስ ካሹ (ፕሮሰሰሩ አጠገቡ የሚይዘው ፈጣን ማስታወሻ) ሳይቀዘቅዝ ይቆየዋል። ሎጂካሎቹ ሦስት ዓይነት ይሆናሉ፦ ሙሉ ድርሻ ያለው ቨርቲካል ሃይ፣ ከ50 ከመቶ ጀምሮ ያለው ቨርቲካል ሚዲየም፣ የራሱ ድርሻ የሌለውና ትርፍ ሲገኝ ብቻ የሚነቃው ቨርቲካል ሎው። የመጨረሻው ሥራ በሌለው ጊዜ ፓርክ ተደርጎ ይቆማል።

የደሴን 4.4 ተመልከቱ። አራት ሃይና አንድ የ0.4 ሚዲየም አይሆንም፤ ሚዲየም ከግማሽ በታች አይፈቀድለትምና። ፕሪዝም አንዱን ሃይ አውርዶ 1.4ቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ውጤቱ 3 ሃይ፣ እያንዳንዳቸው 70 ከመቶ የያዙ 2 ሚዲየም፣ እና 1 ሎው ነው። አሁን የደሴን ክብደት ከ550 ወደ 563 ከፍ አድርጉት፣ 13ቱን ከመርሳ ወስዳችሁ 67 አድርጉት። የደሴ ድርሻ 4.504 ይሆናል፦ 4 ሃይና አንድ 50 ከመቶ የያዘ ሚዲየም። መርሳ 0.536 ይቀረዋል፤ አሁንም አንድ ሚዲየም ይዞ ይቀጥላል። በ13 ነጥብ ዋናው ሥራ አንድ ሙሉ ፕሮሰሰር የራሱ አደረገ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጠርዝ ሳያሰሉ «ለደሴ 550 ይበቃዋል» ብሎ መፈረም ያስቆጫል።

ሃይፐርዲስፓች መብራቱን አረጋግጡ። ዚ/ኦኤስ ላይ የሚወሰነው አይኢኤኦፒቲ በሚባለው የፓርምሊብ (የሲስተሙ ቅንብር የሚቀመጥበት ስብስብ) አባል ውስጥ «ሃይፐርዲስፓች=የስ» በሚለው መስመር ነው።

5. ገደብ ካስፈለገ ዓይነቱን ምረጡ

ገደብ የሚጣለው ክብደት ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ነው፦ ሂሳብ የሚከፈልበት መጠን ሲኖር ወይም የሙከራ ክፍል ከተስማማው በላይ እንዳይለምድ።

ጠንካራው ገደብ ኤልፓሩን በክብደቱ ድርሻ ላይ ይቸነክረዋል። መርሳ ላይ ብትጥሉት 5 ሲፒ ሥራ ፈት ሆኖ ቢቀመጥ እንኳ ከ0.64 አያልፍም፤ ውሃው እያለ ቦዩ በድንጋይ ተዘግቷል። መዘዙ ደግሞ ገደቡ ከክብደት ጋር አብሮ መንቀሳቀሱ ነው። ሐይቅ በጠፋ ቀን የመርሳ ገደብ ሳይታሰብ ወደ 0.73 ይወጣል። ይህን ለማይፈልግ ፍጹም ገደብ አለ፤ በዚኢሲ12 ማሽን ዘመን የመጣ ሲሆን በፕሮሰሰር ብዛት፣ እስከ 0.01 በሚወርድ ልኬት ይጻፋል። ክብደት ቢነካም ባይነካም አይነቃነቅም። ለአዲስ ሰው የምንመክረው ይህን ነው።

ለስላሳው ገደብ የሚጻፈው በኤምኤስዩ (የፕሮሰሰር ፍጆታ መለኪያ) ሲሆን የሚለካውም የ4 ሰዓት ተንከባላይ አማካይ ነው። ደብሊውኤልኤም (ዚ/ኦኤስ ውስጥ ሥራዎችን በቅድሚያቸው የሚያስተዳድረው ክፍል) በየ5 ደቂቃው የሚወስዳቸውን 48 ልኬቶች ይዞ ያሰላል። ስለዚህ ገደቡ 100 ኤምኤስዩ ቢሆንም ለአንድ ሰዓት 150 መጠቀም ይቻላል፣ አማካዩ እስካላለፈ ድረስ። ሲስተሙ እንደገና ከተነሳ በኋላ ያለፉት ልኬቶች ዜሮ ተብለው ይጀመራሉ። እንደተነሳ 180 ኤምኤስዩ መብላት የጀመረ ኤልፓር አማካዩ 100 የሚያልፈው ከ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የተነሳ ሲስተም ጠዋት ሥራ ሳይደምቅ ገና ከንጋቱ በፊት ድንገት ሲያነክስ ሁሉም ትላንት የተለወጠውን ፕሮግራም ይወቅሳል። አብሽሩ፣ መጀመሪያ አማካዩን እዩ።

6. ለውጡን ኤችኤምሲ ላይ አስገቡ

የአሁኑን ክብደት፣ የገደብ ዓይነትና የሎጂካል ቁጥር መጀመሪያ በወረቀት ጻፉ። ፋይል ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፤ መብራት ሄዶ መስመር ቢቋረጥ፣ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ካለ ማሽኑ አጠገብ ላለው ኦፐሬተር በስልክ ታነቡለታላችሁ።

ኤችኤምሲ (ማሽኑ የሚታዘዝበት ኮንሶል) ላይ ማሽኑን መርጣችሁ «ቼንጅ ኤልፓር ኮንትሮልስ» የሚለውን ክፈቱ። የምትፈልጉት የፕሮሰሰር ዓይነት ትር ላይ መሆናችሁን አረጋግጡ። ክብደቱን ቀይሩ፤ ገደብ ካለም እዚያው ነው። «ዌይት ኮምፕሊሽን» የሚባለው ምርጫ አለመብራቱን አረጋግጡ፤ ከበራ ሎጂካሉ ሥራ ባይኖረውም ተራውን ታቅፎ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ሦስት ምርጫ ይመጣል። አንዱ ፕሮፋይሉ (ኤልፓሩ ሲነሳ የሚነበበው ቅንብር) ላይ ብቻ ይጽፋል፣ አንዱ አሁን እየሠራ ያለውን ብቻ ይለውጣል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያደርጋል። ለሙከራ ሁለተኛውን ተጠቀሙ፤ ውጤቱ ከተወደደ ሦስተኛውን። ሁለተኛው ላይ አቁመው የረሱት ለውጥ ኤልፓሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ብን ብሎ ይጠፋል። ከወራት በኋላ «ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ» ከሚባሉት ጉዳዮች ብዙዎቹ ሲመረመሩ እዚህ ላይ ይገኛሉ።

የሎጂካል ቁጥር በዚህ ገጽ አይለወጥም። ለመጨመር «ሎጂካል ፕሮሰሰር አድ» የሚል ሌላ ሥራ አለ፤ ከዚያ ዚ/ኦኤስ ኮንሶል ላይ «ሲኤፍ ሲፒዩ(5),ኦንላይን» ማለት ያስፈልጋል። ለመቀነስ «ኦፍላይን» ይባላል፤ ሲስተሙን ማንሳትና መጣል አያስፈልግም። የተሳካ መሆኑን «ዲ ኤም=ሲፒዩ» ያሳያችኋል። ሲስተሙ በኮር እይታ የተነሳ ከሆነ በ«ሲፒዩ» ፈንታ «ኮር» ብላችሁ ጻፉ።

7. ለኩ፣ በትክክለኛው ሰዓት

የባቲን ገበያ ማክሰኞ ሄዶ የለካ ሰው ሜዳው ባዶ ነው ብሎ ይመለሳል፤ ገበያው ሰኞ ነው። ክብደትም የሚለካው ሁሉም ኤልፓር በሚሻማበት ሰዓት ነው፤ የወር መጨረሻ፣ የደመወዝ ቀን፣ ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ የእናንተ የትኛውም ይሁን።

የሚነበበው የአርኤምኤፍ (የዚ/ኦኤስ የአፈጻጸም መለኪያ) ፓርቲሽን ዳታ ሪፖርት ነው፤ ምንጩ ሲስተሙ ስለራሱ የሚጽፈው የኤስኤምኤፍ 70 ቁጥር መዝገብ ነው። ሪፖርቱ የራሳችሁን ኤልፓር ብቻ ካሳየ ጉድለቱ ከአርኤምኤፍ አይደለም፤ ኤልፓሩ በፕሮፋይሉ የጸጥታ ክፍል «ግሎባል ፐርፎርማንስ ዳታ ኮንትሮል» የሚባለው ፈቃድ አልተሰጠውም።

ደሴን በ15 ደቂቃ እናስላ። 900 ሰከንድ × 4.4 = 3960 የፕሮሰሰር ሰከንድ መብቱ ነው። ሪፖርቱ በኢፌክቲቭ ዓምድ 3900 አካባቢ ካሳየ ድርሻውን ጠጥቶ ጨርሷል። 2500 ካሳየና ተጠቃሚው እየጮኸ ከሆነ ክብደት መጨመር አይረዳውም፤ የተጣለ ገደብ፣ ቁልፍ ወይም ዲስክ ፈልጉ።

ሁለተኛው ምልክት በሲፒዩ ሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት «ኤልፓር ቢዚ» እና «ኤምቪኤስ ቢዚ» ናቸው። የመጀመሪያው ፕሪዝም የሰጠው ነው፣ ሁለተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የፈለገው። 70 እና 72 ቢሆኑ ሰላም ነው። 70 እና 98 ከሆኑ ግን ኤልፓሩ እጁን ዘርግቶ እየተከለከለ ነው። በሪፖርቱ ግርጌ «ፊዚካል» ተብሎ በኮከብ የታጠረውን መስመርም እዩ፤ ፕሪዝም ራሱን ለማስተዳደር የበላው ነው። ሎጂካል በበዛ ቁጥር ያድጋል። ከጥቂት መቶኛ ካለፈ ወደ ተራ ቁጥር 3 ተመለሱ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የመለኪያ ጊዜ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ክብደትና ሎጂካል አብረው ከተነኩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ሁለት ነገር ለብቻቸው

ካፕሊንግ ፋሲሊቲን እንደ ሌላ ኤልፓር አትዩት። ከሌሎቹ የሚመጣለትን ጥያቄ በማይክሮሰከንድ መመለስ የሚጠበቅበት ነውና አይሲኤፉን ለሁለት ካጋራችሁት መልሱ ተራ ጥበቃ ላይ ይወድቃል፣ ጠያቂዎቹ ሁሉ ይንቀረፈፋሉ። ለዋና ሥራ የራሱ አይሲኤፍ ይኑረው። ማጋራት ግድ ከሆነ «ዳይንዲስፕ=ቲን» (ሥራ የሌለው ፋሲሊቲ ፕሮሰሰሩን እንዲለቅ የሚያደርገው ቅንብር) መብራቱን አረጋግጡ።

ሌላው፣ ደብሊውኤልኤም ውስጥ ለአንድ ሥራ የመጀመሪያ ደረጃ ቅድሚያ መስጠት ከጎረቤት ኤልፓር አንዲት ሰከንድ አያመጣም። ደብሊውኤልኤም የሚያካፍለው ፕሪዝም አስቀድሞ ለኤልፓሩ የሰጠውን ነው። ልዩነቱ አይአርዲ ነው፤ በአንድ ማሽን ላይ ባሉ የአንድ ሲስፕሌክስ (ተያይዘው አብረው የሚሠሩ ሲስተሞች ቡድን) ኤልፓሮች መካከል ክብደቱን ራሱ ያዛውራል። ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ሰጥታችሁ ተዉት፤ ጠንካራ ገደብ ያለበት ኤልፓር ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

ማሽኑ ለሌላቸው መለማመጃ

ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። በ«ሲስተምዲ-ረን» ማለቂያ የሌላቸው ሁለት ባዶ ዙሮች አስነሱ፤ በ«ታስክሴት» ሁለቱንም አንድ ኮር ላይ እሰሯቸው። ለአንዱ «ሲፒዩዌይት» 300፣ ለሌላው 100 ስጡ። «ቶፕ» ላይ 75 እና 25 ከመቶ ገደማ ታያላችሁ። ትልቁን ግደሉት፣ ትንሹ ወዲያው ወደ 100 ይዘላል። አሁን ለትንሹ «ሲፒዩኮታ» 25 ከመቶ ጨምራችሁ እንደገና አስነሱት፤ ኮሩ ባዶ ሆኖ እያለ 25 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።